እግሩ ሥር የነበረው ደም

ድኩላዋን የመታት ሾፌሩ ነው። ጥይቱ ሲጮህ ከቁጥቋጦው ዘላ ወጣች፤ የፊት እግሯ ከዳትና በደረቷ ወደቀች፤ ተነሳች፤ ደረቁን ወንዝ ተሻግራ ጫካው ውስጥ ገባች። ይህን ሾፌሩም ጓደኛውም አይተዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አንደኛው አይቶ ዝም አለ፤ ሌላው ጭራሽ አላየም።

ጓደኛው በያጅ ነው። ቁጣው ቱግ ብሎ በርቶ እዚያው ስለሚጠፋ ሰፈሩ ፍንጣሪ ይለዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ናቸው። በዓመት አንዴ ፈቃድ አውጥተው፣ በፍንጣሪ አሮጌ ፒክአፕ ከከተማ ወጥተው ያድናሉ። አደን ያስተማሯቸው ሽማግሌዎች አንድ ደንብ ትተውላቸዋል፤ ያቆሰለ ይፈልጋል። ያቆሰለው ፊት ይቀድማል፤ ዱካውን የሚያነበው እሱ ነው። ሌላው ከኋላ ሆኖ የረገጠውን እየረገጠ ይከተላል፤ ካልተጠየቀ አፉን አይከፍትም። ሁለት ሰው እኩል ከቀደመ ዱካ ይበላሻል፤ ሁለት አፍ ከተናገረ ልብ ይከፈላል ይላሉ። ቆስሎ የተጣለ እንስሳ ደግሞ በአዳኙ ላይ ዕዳ ነው፤ ሳይገኝ ወደ ቤት አይገባም።

ሾፌሩ ቀደመ። ወንዙን ተሻገረ፣ ጎንበስ ብሎ አሸዋውን መረመረ፣ ወደ ግራ ታጠፈ። ፍንጣሪ በቀኝ በኩል ድንጋይ ላይ ጠብ ያለ ትኩስ ደም አየ። አፉን ከፈተና ደንቡን አስታውሶ ዘጋው። ጓደኛው ዞሮ ሊቀድማት ያሰበ መሰለው። ትንሽ ሄደው ሌላ ደም አየ። ሾፌሩ እሱንም ተራምዶት አለፈ። እየዞሩ እየዞሩ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመለሱ።

ሾፌሩ ተናዷል። ፀሐይ ስትወጣ ፀሐይዋን ረገመ፤ ደመና ሲሸፍናት ደመናውን ረገመ። በመጨረሻ ወደ ጠመንጃው ዞረ።

"ይሄ ብረት ወደ ቀኝ ይስባል ብዬህ ነበር።"

"ህም" አለ ፍንጣሪ። ህም ማለትን ደንቡ አይከለክልም።

ከአንድ ትልቅ ቁጥቋጦ ጥግ ተቀምጠው ዳቦ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ቁጥቋጦው፣ ፍንጣሪ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ ነበር የተቀመጡት። ከዚያ ተነሱ፤ ሾፌሩ እንደገና ቀደመ። አሁን ግን የፍንጣሪ ትዕግሥት አለቀ።

"ቆይ አንተ፣ ወዴት ነው የምትሄደው?"

"እሷ ወደሄደችበት ነዋ!"

"ታዲያ ደሙን ለምን ትተኸው ትሄዳለህ?"

"የቱን ደም?"

"እንዴ! አሁን የረገጥከውን!"

ሾፌሩ እግሩን አንስቶ ወደ ታች አየ። ቅጠል ነው። ደረቅ፣ ቡናማ፣ እርስ በርሱ የተደራረበ ቅጠል።

"የታለ?"

"አትቀልድ።"

"የታለ አልኩህ!"

ፍንጣሪ ተንበርክኮ አንዱን ቅጠል በጣቱ ጠረገና ጣቱን አፍንጫው ሥር አቀረበለት። ጣቱ ላይ ያለው ደም ለሾፌሩ ታየው። ቀይ ነው። ቅጠሉን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ ቅጠሉ ላይ ያለውንም በመጨረሻ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ የመጣበትን መንገድ ሲመለከት ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነበት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታየው?"

"ከወንዙ ጀምሮ።"

"እና ዝም አልክ?"

"ደንብ ነዋ! አምና አንዲት ቃል ብተነፍስ ልትበላኝ አልነበር? 'ያቆሰለ ይፈልጋል፣ አፍህን ዝጋ' ያልከኝ ማነው? እኔ ደግሞ እያየህ የምትተወው መስሎኝ፣ ይሄ ሰው ዘንድሮ ምን የሚሉት ብልሃት ተማረ እያልኩ ከኋላህ እከተላለሁ!"

ደሙን መከተል ጀመሩ። ነገር ግን ሁለት ሰው ሲመላለስበት የዋለ መሬት ዱካ አይጠብቅም። ትንሽ ቆይቶ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ የቀረውን አጠበው። ሾፌሩ ልብሱ እስኪበሰብስ በየቁጥቋጦው ሥር ጎንበስ ቀና ሲል ቆየና ብርሃኑ ሲደክም ፍንጣሪ ክንዱን ይዞ ወደ ፒክአፑ መለሰው። ሌላ ጊዜ መሪ ካልሰጠኸኝ የሚለው ሰውዬ በዚያ ቀን ቁልፉን አልጠየቀም።

ሾፌሩ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። በዴፖው ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ጋሽ እንቁላል ነው የሚሉት፤ እንቁላል እንደጫነ ሰው ስለሚነዳ። ፍሬን ሲይዝ የቆመ ተሳፋሪ አይንገዳገድም። ማርሽ ሲቀይር አይሰማም። ሌሎቹ ሾፌሮች አስፋልቱን የአባታቸው ግቢ አድርገው ሲያበሩበት፣ እሱ ገና ፌርማታው ሳይታይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። "ጋሽ እንቁላል ጋር ከተሳፈርክ የዛሬው ስብሰባ ነገ ይደርስሃል" ብለው ይቀልዱበታል። እሱ በዚህ ስም ይኮራ ነበር። እንዲህ በዝግታ መንዳት የጀመረው ግን በወጣትነቱ እንዳልሆነ፣ ያኔ ከሁሉም ፈጣን እንደነበር፣ አሁን በዴፖው ካሉት ውስጥ የሚያስታውስ የለም። እሱ ራሱም ረስቶታል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይሰክናል ብሎ ነበር ያለፈው።

በሳምንቱ አጋማሽ ፍንጣሪ ወደ ቤቱ መጣ። ሾፌሩ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቀባ ነበር። ፍንጣሪ አልተቀመጠም፤ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

"አገኘኋት" አለ።

"ማንን?"

"ማንን ትላለህ እንዴ! ድኩላዋን። ዛሬ ጠዋት ከጫካው ጥበቃ ጋር ሄጄ ነበር። አሞራ ያንዣብብ ነበር።"

"የት ነው ያገኛችኋት?"

ፍንጣሪ ኮፍያውን አደረገ፤ መልሶ አወለቀ። "ዳቦ የበላንበትን ቁጥቋጦ ታስታውሰዋለህ?"

"እህ።"

"ከጀርባው።"

"ከጀርባው ማለት?"

"ከጀርባው ማለት ከጀርባው ነው! እጅህን ብትዘረጋ ጆሮዋን ትይዘው ነበር። ዞራ ተመልሳ እዚያ ነው የተኛችው። ስንበላ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል።"

ሾፌሩ ቡሩሹን ጫማው ውስጥ ከተተው። "አንተስ? አንተ ዓይን የለህም?"

"እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት። ፊትህን ወደሷ አድርገህ ዳቦ የገመጥከው አንተ ነህ" አለ ፍንጣሪ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ስማኝ ወንድሜ፣ የኔ ነገር አይደለም። ግን አንተ ሰው ጭነህ ነው የምትሄደው።"

"ውጣ ከቤቴ!"

"በር ላይ ነኝ እኮ።"

"ከበሬ ሂድ!"

ፍንጣሪ ሄደ። ሾፌሩ አንዱን ጫማ ቀብቶ ሌላውን ሳይቀባ ገባ።

በማግሥቱ አውቶቡሱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ከፈተ። ትኬት ቆራጯ አፏ የማያርፍ ወጣት ናት። ከበሩ አጠገብ ካለችው መቀመጫዋ ሆና ቀኑን ሙሉ ትለፈልፋለች፤ እሱም ልፍለፋዋን እንደ ሞተር ድምፅ ለምዶት አይሰማውም ነበር። ያን ቀን ግን አንድ በአንድ ሰማው። "ጋሼ፣ ቀይ በርቷል።" "ጋሼ፣ በቀኝ ብስክሌት።" "ጋሼ፣ ባልቴቷ ገና አልወረዱም፣ ቆይ።" "ጋሼ፣ ጉድጓዱን እንዳትረሳው።" እግሩ እሷ ስትናገር ፍሬን ላይ ያርፋል፣ እሷ ዝም ስትል ይነሳል። ራሱን እንደ ሌላ ሰው አየው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተሩን አጠፋና ዞረ።

"ስሚ፣ ከሌላ ሾፌር ጋር ስትሠሪም እንዲህ ነሽ?"

"እንዴት?"

"ቀይ ነው፣ ብስክሌት ነው እያልሽ?"

የትኬቱን ጥራዝ በአውራ ጣቷ ፈረፈረችው። "ሌላው ሾፌር ያያላ።" ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና፣ "ማለቴ... ጋሼ፣ አትቆጣ እንጂ!"

"አልተቆጣሁም!" ብሎ ጮኸ። ከኋላ ወንበር ተኝቶ የነበረ አንድ ተሳፋሪ ነቃ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እኔ ከመጣሁ ጀምሮ። የፊተኛዋ ናት የነገረችኝ። ቦርሳውን ስታስረክበኝ፣ 'ጋሽ እንቁላል ደግ ሰው ነው፣ አፍሽን ብቻ እንዳትዘጊ' አለችኝ።"

ሾፌሩን ሲያስረክቡት ኖረዋል፤ ልክ እንደ ቦርሳው፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ። እሱ ደግሞ በየዕረፍቱ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ የዘንድሮ ልጆች ወሬ ሲወዱ ለጉድ ነው እያለ ሲያማቸው ነበር።

በመልሱ ጉዞ አንድ ትኬት አልቆርጥም ያለ ጎረምሳ ተሳፍሮ ከልጅቱ ጋር ተያያዙ። "ቆርጫለሁ!" "አሳየኛ!" "ጠፋብኝ!" "አፍህ ግን አልጠፋም!" ሲባባሉ የልጅቱ አፍ ሥራ ያዘ። ሰማዩ አመድ መስሏል፤ አስፋልቱም አመድ መስሏል። ፊት ለፊቱ አንድ ምሰሶ ነበር፤ ቢያንስ ለሱ ምሰሶ ነበር። ምሰሶው ተራመደ።

ሾፌሩ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተደራረበ፤ አንድ ዘንቢል ተገለበጠ፤ ሽንኩርት እስከ ፊት ወንበር ተንከባለለ። ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ሁለት መዳፎቹን የፊቱ መስተዋት ላይ አሳርፎ ቆሟል።

"ዓይንህን ምን በላው?" አለ ሰውዬው በመስተዋቱ ውስጥ። "ቆሜ፣ እያየኸኝ!"

ሰውዬው ምንም አልሆነም። ተሳድቦ፣ ካፖርቱን አራግፎ መንገዱን ቀጠለ። ልጅቱ ሽንኩርት እየለቀመች፣ "ይኸው፣ በአንተ ሰበብ!" እያለች ጎረምሳውን ረገመችው። ሾፌሩ ግን መሪውን እንደያዘ ሌላ ነገር ያስብ ነበር። ሰውዬው ሲራመድ አይቶታል። ቆሞ ሳለ ግን አላየውም። ድኩላዋንም ስትሮጥ ነው ያያት።

በነጋታው ወደ ዴፖው ክሊኒክ ሄደ። እዚህ ጋ ስለ ዓይን ሠንጠረዡ መናገር ያስፈልጋል። በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ እየደቀቁ የሚወርዱ፣ ሦስት ጣት የመሰሉ ምልክቶች ያሉበት ወረቀት ተለጥፏል። ተመርማሪው ጣቶቹ ወደ የት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ወረቀቱ ዴፖው ከተከፈተ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። ስለዚህ በዴፖው ያለ ሾፌር ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አዲስ ሾፌር ሲቀጠር የመኪናውን ባሕርይ ከመማሩ በፊት ሠንጠረዡን ይማራል፤ መኪና እያጠቡ እንኳ ዜማ አውጥተውለት፣ "ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች" እያሉ ይዘፍኑታል። ማንም እንደ ማጭበርበር አይቆጥረውም። ለዓመታዊው ምርመራ ፀጉር እንደመቆረጥ ያለ ዝግጅት ነው። ዜማውን ካወጡት አንዱ ደግሞ ጋሽ እንቁላል ነበር።

ነርሷ አንድ ዓይኑን አስሸፈነችው፤ ዱላዋን አነሳች። ገና ሳታሳርፈው የሾፌሩ እጅ ወደ ቀኝ ሄደ። ከዚያ ወደ ላይ። ከዚያ ግራ፣ ግራ፣ ታች። እስከ መጨረሻው መስመር፣ ዝንብ እንኳ ተቸግራ እስከምታነበው ድረስ፣ እጁ ሳይሳሳት ወረደ።

"የጭልፊት ዓይን ነው ያለዎት!" አለች ነርሷ።

"አይ፣ አይደለም" አለ ሾፌሩ። "እንደገና እንሞክር። አሁን አስቤ ነው የምመልሰው።"

ዓይኑን አጠበበ። ከላይ ያለው ትልቁ ምልክት ይታየዋል። ከሱ በታች ጭጋግ ነው። ነገር ግን ጭጋጉ ውስጥ እያንዳንዱ ምልክት ወዴት እንደዞረ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም የሚያየው ይመስለዋል። እያየ ይሁን እያስታወሰ መለየት አቃተው። ራሱን ሊይዝ የሞከረ ሌባ ሆነ።

"ገልብጪው" አላት።

"ምኑን?"

"ወረቀቱን። ከላይ ያለውን ከታች አድርጊልኝ።"

"ጋሼ፣ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። እንዴት አድርጌ ልገልብጠው?"

"ታዲያ እኔ ልገልበጥ?"

"ውጭ ወረፋ አለ እኮ!"

"ልጄ፣ እመኚኝ፤ አይታየኝም። ይሄን ወረቀት በቃሌ ነው የማውቀው።"

ነርሷ ዱላዋን አስቀመጠችና ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ፈገግታ ሾፌሩ ያውቀዋል፤ ትኬት ጠፋብኝ ለሚል ተሳፋሪ ልጅቱ የምታሳየው ነው። "ጋሼ፣ ዕረፍት ፈልገው ከሆነ በቀጥታ ይንገሩኝ። ትናንት አንዱ ጀርባዬን አለኝ፤ ሲወጣ ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለለ ነው የወረደው። የዓይን ሐኪም ከፈለጉ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ፤ ተራዎ ሲደርስ ይጠሩዎታል። እስከዚያ በእኔ በኩል ብቁ ነዎት።"

ማኅተሙን መታችው። ሾፌሩ ብቁ ሆኖ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ በስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ ነበር። ሁሉንም ነገራት፤ ድኩላዋን፣ ሰውዬውን፣ ወረቀቱን። እሷ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ ሰማችው።

"እና ሐኪም ደህና ነህ ብሎህ ነው እንዲህ የምትነፋረቀው? ሰው አመመኝ ብሎ ሲሄድ ታመሃል ይሉታል እንጂ..."

"አላይም እያልኩሽ ነው!"

"እኔን ታየኛለህ?"

"አንቺንማ አውቅሻለሁ።"

ስፌቱ ቆመ። ተነስታ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። በአውራ ጣቷ የዓይኑን ቆብ ከፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች። እንደ መርፌ ቀዳዳ ትኩር ብላ ነበር የምታየው። ከዚያ ለቀቀችው።

"ምን አየሽ?"

"ምንም።"

"ምንም ካላየሽ ለምን ድምፅሽ ተቀየረ?"

"ብሌንህ ላይ ጉም የመሰለ ነገር አለ" አለች ወደ መኪናዋ ተመልሳ። ክሩን አቃናች፤ ሳትሰፋ ቆየች። "ጡረታህ እኮ ደርሷል። እስከዚያ ቀስ ብለህ ንዳ።"

"ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ቆምኩ!"

"ታዲያ ቁም!" ብላ ጮኸችበት። ወዲያው ደግሞ፣ "አይ፣ አትቁም። እኔ እንጃ። ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ?" አለችና ሰፋች፤ ጨርቁ ጠማማ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ አውቶቡሱን ከማስነሳቱ በፊት ወደ ስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው በዕድሜ ልጁ የሚሆን፣ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ የሚያወራ ሰው ነው። አንዱን ስልክ ትከሻው ላይ አድርጎ በእጁ ወንበር አሳየው።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ። በጎ ነው?"

"ከመሪ ላይ አንሱኝ። ዓይኔ አያይም።"

ኃላፊው የነርሷን ወረቀት ከፊቱ አነሳ። "ብቁ ነው ይላል እኮ።"

"የዓይን ሠንጠረዡን በቃሌ ነው የማውቀው። አንተም ታውቀዋለህ! ሾፌር ሳለህ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ!"

ኃላፊው ወደ በሩ አየት አደረገ። "ጋሼ፣ ድምፅ ይቀንሱ። ሁለት ሾፌር ታሟል፣ አንዱ አግብቷል፣ አንዱ ደግሞ ጠፍቷል። አሁን እርስዎን ባነሳ መስመሩን ማን ይይዘዋል? በመኪናዎ ላይ አንዲት ጭረት የለም። አዲሶቹን ስቆጣ የምጠራው የእርስዎን ስም ነው።"

"ባለፈው ሳምንት ሰው ልገድል ነበር።"

"ገደሉ?"

"አልገደልኩም።"

"እንግዲህ!"

ሾፌሩ ነገሩን እንዴት እንደሚያስረዳው ጨነቀው። ስለ ድኩላዋ ነገረው፤ ፊቱን ወደሷ አድርጎ ዳቦ እንደበላ፣ እጁን ቢዘረጋ ጆሮዋን ይይዝ እንደነበር።

ኃላፊው በትዕግሥት ሰማና፣ "ጋሼ" አለ፣ "ድኩላዋ ተሳፋሪ አይደለችም። አዝናለሁ፣ ያሳዝናል። እስከ ወሩ መጨረሻ ይታገሡኝና አንድ ነገር እናደርጋለን። ልጅቱስ አለች አይደል? ጎበዝ ናት፣ አፏ አያርፍም።"

እሱም ያውቃል ማለት ነው። ሾፌሩ ከወንበሩ ተነሳ። ዴፖው ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉም ከኋላው ሆነው የረገጠውን እየረገጡ ሲከተሉት ኖረዋል፤ ጠይቋቸው ስለማያውቅ አንዳቸውም አልተነፈሱም። አሁን ሲጠይቃቸው ደግሞ ሥራ በዝቶባቸዋል።

አውቶቡሱ በዴፖው በር ላይ ሞልቶ ይጠብቃል። ሰው እስከ ደረጃው ቆሟል። ሾፌሩ ወጥቶ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ፣ ቁልፉን ከተተ፣ ሞተሩን አላስነሳም። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰዉ ዞረ። በሥራ ዘመኑ ለተሳፋሪ ንግግር አድርጎ አያውቅም።

"ስሙኝ" አለ። "እኔ በደንብ አላይም። ዓይኔ ታሟል። መውረድ የሚፈልግ ይውረድ።"

"ኧረ እንሂድ፣ ረፍዷል!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ሰውዬው እየቀለደ ነው።"

"በዚህ ሰዓት ቀልድ! ፈተና አለብኝ እኮ!"

"የሚያየውስ የት ያደርሰናል?" አለ አንድ ቦርሳ ያቀፈ ሰው፤ ዙሪያው ያሉት ሳቁ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በሐዘኔታ ክንዱን መታ መታ አደረጉት። "ልጄ፣ እኔም አላይም። ንዳው፣ አምላክ ያውቅልናል።"

አንድም ሰው አልወረደም። ይልቁንም በር ላይ የነበሩት፣ ክፍት ቦታ የሚገኝ መስሏቸው ወደ ውስጥ ገፉ። ልጅቱ በሰው መሃል ተጋፍታ ወደሱ መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው? እኔ አለሁ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ትኬት ስቆርጥ እንኳ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳም። ሁሉንም እነግርሃለሁ።"

"ያስነጠሰሽ ቀንስ?"

ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ያኔ ነው ተሳፋሪው ያመነው፤ ያኔም የተናደደው ሞተሩ ስላልተነሳ ነው። "ሰው አደረጉትና!" "እስከ አሁን ሲነዳ የት ነበረ ዓይኑ?" "ጡረታ ውጣና ተኛ!" የሚሉ ድምፆች በመስኮት ተከተሉት። ሾፌሩ መልስ ሊሰጥ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ሁለት ጊዜ ተወው። ቁልፉን በስምሪት ቢሮው መስኮት ገፍቶ በኃላፊው ወረቀቶች ላይ አስቀመጠው። ኃላፊው በሁለቱም ስልኮች እያወራ ስለነበር አፉን ከፍቶ ከማየት በቀር የቻለው ነገር አልነበረም።

"ይህ ያደረጉት ነገር ሥራ መተው ተብሎ ነው የሚመዘገበው!" ሲል የሰማው ግቢውን ሊወጣ ሲል ነው። ሾፌሩ እጁን አወዛወዘ። ይመዝግበው።

ከዴፖው ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ፌርማታ ላይ ቆመ። ተሳፋሪ ሆኖ ፌርማታ ላይ ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ኪሱ ከተተው፤ አወጣው። ንዴቱ አልበረደለትም። ለሰዎቹ ሲል ወርዶ በሰዎቹ ተሰድቧል። ሚስቱ ምን ትለው ይሆን? ፍንጣሪ ቢሰማ "ይሄን ማን አድርግ አለህ" ማለቱ አይቀርም፤ ያው እሱ ራሱ እንዳለው ረስቶ። ከዚህ በኋላ ስንቱን ቢሮ ደጅ ሲጠና እንደሚኖር፣ ስንቱ "ብቁ ነዎት እኮ" እንደሚለው ሲያስብ ጥርሱን አፋጨ።

በመንገዱ ጫፍ ትልቅ ነገር እየመጣ ነው። ስለሚንቀሳቀስ ይታየዋል። አውቶቡስ መሆኑንም በሞተሩ ድምፅ አውቋል፤ ማርሹን ያለ ጊዜው የቀየረው ሾፌር ማን እንደሆነ እንኳ ሊናገር ይችላል። ቁጥሩ ግን የለም። ግንባሩ ላይ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው ያለው። አጠገቡ ዣንጥላ ይዛ ወደቆመች ሴት ዞረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሊተወው አሰበ፤ ጠየቃት።

"እህቴ፣ የሚመጣው ስንት ቁጥር ነው?"

"ግንባሩ ላይ የበር ያህል ተጽፎ የለም እንዴ? አታይም?"

"አላይም" አለ ሾፌሩ።

ሴትየዋ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። ዣንጥላዋን ወደ ሌላ እጇ አዞረችና ቁጥሩን ነገረችው። የሱ መስመር አልነበረም። አውቶቡሱ ሰዉን አራግፎና ጭኖ ሄደ። ሾፌሩ፣ የሚቀጥለውንም መጠየቅ ስላለበት፣ ወደ ሴትየዋ ጠጋ ብሎ ቆመ።